ግቢው ጸዳ፣ አበባው ከየት ይምጣ?

ደብረ ማርቆስ ላይ ቡሄ ካለፈ በኋላ ከቤት ወደ ቤት በውሰት የሚዞረው ወንፊት ወይም ሙቀጫ አይደለም፤ ማጭድ ነው። ክረምቱን ሙሉ ማዕድ ቤት ጣሪያ ሥር ተሰክታ ማንም ዞር ብሎ ያላያት ዝገታም ማጭድ ከነሐሴ አጋማሽ ጀምሮ የሰፈሩ ባለሥልጣን ትሆናለች። ቀጠሮ ይያዝላታል፤ አማላጅ ይላክባታል፤ የት እንደዋለች፣ ከማን ጋር እንዳደረች ይጠየቃል።

"እትዬ፣ ያችን ማጭድ ለአንድ ሰዓት ብቻ።"

"ውይ ልጀ፣ ከትናንት ወዲያ እነ መምህር ቤት ሄዳ መች ተመለሰች! እነሱም ለታችኞቹ ሰጥተዋት ይሆናል።"

ማጭዷ ስትዞር የሰፈሩ ግቢ ሁሉ በየተራ ይላጫል። የባለቤቷ ግቢ ግን ሙጃው ጉልበት እየነካ እስከ ጳጉሜን ይቆያል። ሴትዮዋ የሚታሙትም ይህን ጊዜ ነው፤ ያውም ማጭዷን በያዙት ሰዎች አፍ። "ማጭድ እያላቸው ግቢያቸውን አየኸው?"

ለዚህ ሁሉ ጥድፊያ ቀን የቆረጠው ተረት ነው። "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት፣ ዶሮ ከጮኸ የለም ሌሊት" ይባላል። ቡሄ ነሐሴ 13 ነው። ስለ ዶሮው ማንም አይከራከርም። ስለ ክረምቱ ግን ይህን የተናገረው ሰው ደብረ ማርቆስ አላደረም ያሰኛል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ከበላይዋ ደግሞ ከ4,000 ሜትር የሚያልፈው ጮቄ ተቀምጧል፤ ጮቄ ዝናብ ሲሰጥ ተረት አያማክርም። በዓመት ወደ 1,300 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው የከተማዋ ዝናብ አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። የቤተ ክርስቲያን አቆጣጠርም ቢሆን ክረምትን የሚሸኘው መስከረም 25 ነው፤ መፀው የሚገባው በማግስቱ። አዲሱ ዓመት የሚገባው እንግዲህ በሕግም በተግባርም ክረምት ውስጥ ነው ማለት ነው።

ኢራናውያን ለአዲስ ዓመታቸው፣ ለኑሩዝ፣ ቤታቸውን የሚያራግፉት በመጋቢት ነው። ምንጣፉን ግቢ አውጥተው ያጥባሉ፤ ፀሐይ ያሰጡታል፤ ደርቆ ይገባል። ደብረ ማርቆስ ላይ በጳጉሜን ምንጣፍ ያሰጣ ሰው ምንጣፉን የሚያስገባው ለሁለት ተሸክሞ ነው።

ጳጉሜን ራሷ የምታስቅ ወር ናት። አምስት ቀን ናት፤ በየአራት ዓመቱ በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ስድስተኛ ቀን ትጨምራለች። የወር ደመወዝተኛ አይከፈልባትም። ሥራዋ ግን የአንድ ሙሉ ወር ነው፦ አጥር ማጥበቅ፣ ምርጊቱ የረገፈውን ግድግዳ በጭድና በጭቃ መምረግ፣ ኖራ መቀባት፣ ጠላ መጥመቅ፣ ቦይ መክፈት። በዚህ ሁሉ መሐል ጳጉሜን 3 ቀን ሩፋኤል ይደርሳል። ከሐምሌ ጀምሮ ዝናቡን ሲያማርር የከረመው አባወራ የዚያን ቀን ሰማይ ሰማይ ያያል፤ ካልዘነበ ያዝናል። የሩፋኤል ዝናብ ጠበል ነውና። ጠብ ማለት ሲጀምር ልጆቹ ራቁታቸውን ወደ ግቢው ይወጣሉ፤ እናት ሳፋና ባልዲውን ከጠፈጠፉ ሥር ትደረድራለች፤ እሱም መጥረጊያውን ጥሎ ራሱን ያስመታል። አሥር ደቂቃ ሳይቆይ ልጆቹ ጠዋት የተጠረገውን ግቢ አቡክተውታል። ማን ይቆጣቸዋል? በጠበል የተቦካ ጭቃ ነው።

ጭቃውን ማቃለል ደግሞ አይገባም። የአካባቢው ጥቁር ዋልካ አፈር በበጋ ተሰነጣጥቆ እጅ የሚያስገባ፣ በክረምት አብጦ ጫማ የሚያስቀር አፈር ነው። ከግቢ በር እስከ ቤት ደጃፍ ድንጋይ የሚደረደረው ለውበት አይደለም። እንግዳ የሆነ ሰው ከድንጋዩ ስቶ አንድ እግሩን ካሳረፈ ኮንጎ ጫማውን እዚያው ትቶ በባዶ እግሩ ይቀጥላል። የለመደ ነዋሪ ድንጋዮቹን በጨለማም ያውቃቸዋል፤ የትኛው እንደሚንገዳገድ ጭምር።

ስለዚህ ቦይ ይከፈታል። የግቢ ጽዳት ከወዳጅነት ወደ ዲፕሎማሲ የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው።

ደብረ ማርቆስ ተዳፋት ትበዛለች። የላይኛው ጎረቤት በዶማ ቦይ ሲከፍት ውሃው የሚወጣው በታችኛው ጎረቤት አጥር ሥር ነው። የታችኛውም ቦዩን አስፍቶ ከእሱ ለባሰው ለታችኛው ያወርሰዋል። እንዲህ እየተወራረሰ ውሃው ሰፈሩን ለቅቆ፣ በየወንዙ አድርጎ፣ ከጮቄ ከሚነሱት ከእነ ጨሞጋ ጋር ዓባይ ይገባል። ሰፈሩ ውስጥ ሳለ ግን ድርድር አለበት። የላይኛው "ውሃ ቁልቁል እንጂ ሽቅብ አይሄድም፤ እኔ ምን ላድርግ" ይላል፤ ይህም በትልቁ የዓባይ ድርድር መድረክ "ፍትሐዊና ምክንያታዊ አጠቃቀም" ከሚባለው ብዙ የራቀ አይደለም። የታችኛው "ጓሮየ ገባ፣ ድንቼን አሰመጠው" ሲል "ጉልህ ጉዳት" ማለቱ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው፦ ካይሮ የምትሰጋው ውሃው እንዳያንስ ሲሆን፣ እዚህ የታችኛው ተፋሰስ የሚያለቅሰው ውሃው ስለበዛ ነው።

ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የተመረቀው ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ነበር፤ ሩፋኤል በዋለ ማግስት፣ ግቢ በሚጠረግበት በዋናው ሰሞን። 74 ቢሊዮን ሜትር ኪዩብ ውሃ ይይዛል። ከዚያ ውስጥ ስንቱ ከእነ እንትና ጓሮ የወጣ እንደሆነ ለክቶ የሚነግር የለም እንጂ፣ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ጠቡን ለመጨረስ ጥሩ መላ አግኝተዋል። "ተዉ እባካችሁ፣ ለአገር ነው የሄደው!"

ቦዩ ተከፍቶ ዕርቁ ከወረደ በኋላ ማጭዷ ወደ ጓሮ ትዞራለች። ጓሮ ውስጥ የሚቀርና የሚወገድ አለ። የሚቀረውን የሚወስን ሕግ የትም አልተጻፈም፤ ግን ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ የመጣ ነው፤ ድስት የገባ ሁሉ ይቀራል።

ድንቹ ይቀራል። ድንች ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1858 እ.ኤ.አ. ሺምፐር በተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ሰብሳቢ እጅ እንደሆነ ይጻፋል፤ የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ፣ የአንዲስ ተራሮች ናቸው። በቆሎው፣ ዱባው፣ በርበሬውም ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ባሕር ተሻግረው የመጡ ናቸው። በቆሎው በተለይ በነሐሴ መጨረሻ እሸት ይዞ ስለሚቆም አጠገቡ ማጭድ የሚያነሳ የለም፤ ልጆቹም ጠባቂዎቹ ናቸው፤ የሚጠብቁት ከሌባ ይሁን ለራሳቸው እንጃ። አጥሩን የያዘው ባሕር ዛፍ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተስፋፋ ነው። ከአገሬው ወገን የአበሻ ጎመኑ፣ ጌሾው፣ ኮሰረቱና ዳማከሴው ይቀራሉ፤ ጤና አዳሙም ይቀራል። ጌሾ የሌለበት ጓሮ ለበዓል ጠላ ሲጠመቅ ጎረቤት ያስለምናል፤ ጤና አዳም የሌለበት ደግሞ የቡና ላይ መሳቂያ ያደርጋል።

ሌላው አረም ነው። ሙጃ፣ ሰርዶ፣ ሳማ፣ አስተናግር፣ ጨጎጊት። በብዙ አህጉር ተወላጆች የተሞላ ጓሮ ውስጥ ቆሞ "አረም" የሚባለውን መለየት ግን ለቀን ሠራተኛ የሚተው ሥራ አይደለም። በዚህ ሰሞን ሠራተኛው በውል የሚነገረው አንድ ቃል ነው፤ "አጽዳው።" እሱም ያጸዳዋል።

ከሚጸዱት መካከል በነሐሴ ወር ሌላ ስም የሌለው አንድ ተክል አለ። ግንዱ ቀጭን፣ ቅጠሉ የተቆራረጠ፣ ገና እንቡጥ ያልያዘ፣ ከጨጎጊቱ አጠገብ ቆሞ ከጨጎጊቱ የማይለይ። ሠራተኛው አይጠይቅም፤ ባለቤቱ አያስጥልም። ማጭዷ ሁለቱንም በአንድ ምት ታነሳቸዋለች።

ያ ተክል አደይ ነው።

ማጭዷን ብዙ መውቀስ አይቻልም። በሳይንስ አቆጣጠር አደይ አበባና ጨጎጊት የአንድ ቤት ልጆች ናቸው፤ ሁለቱም ባይደንስ ከሚባለው ወገን ይመደባሉ። ኢትዮጵያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ መስፍን ታደሰ በ1984 እ.ኤ.አ. በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ስላለው ስለዚህ ወገን አንድ ሙሉ ጥናት አሳትመዋል፤ ዘመዳሞቹን ለመለየት ሙሉ ጥናት ካስፈለገ፣ ከጠዋት ጀምሮ ጎንበስ ብሎ የዋለ የቀን ሠራተኛ ምን ይሁን? ቢሆንም ሁለቱ ዘመዳሞች ዕድላቸው ለየቅል ነው። አደዩ የደጋው ልጅ ነው፤ ይዘፈንለታል፤ በፖስታ ካርድ ይታተማል። ጨጎጊቱ ደግሞ እንደ ድንቹ ከአሜሪካ የመጣ ነው፤ ድስት ስለማይገባ ይረገማል። ነሐሴ ላይ ግን አገሬውና መጤው እኩል ይታጨዳሉ። ምናልባት ከጓሮው ሕግ ሁሉ አድልዎ የሌለበት ይህ ብቻ ነው።

መስከረም 1 ጠዋት ደጁ ይንኳኳል። አዲስ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች አበባየሆሽ እያሉ ይገባሉ፤ በእጃቸው የአደይ እቅፍ ይዘዋል። አባወራው ከተላጨው ግቢው መሐል ቆሞ በደስታ ይቀበላል፤ ብር ያወጣል፤ አበባውን ብርጭቆ ውስጥ ያቆመዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ይህንኑ ተክል ከጓሮው ለማስወገድ ለቀን ሠራተኛ ከፍሎ ነበር። አሁን ወደ ቤት ለማስገባት ይከፍላል። አጫጁም ተቀባይ፣ አምጪዋም ተቀባይ፤ ከፋዩ አንድ ሰው ነው።

ሣሩም እንዲሁ ነው። ነሐሴ ሙሉ ሣር ከግቢ ይባረራል፤ የበዓሉ ዋዜማ ገበያ ተወጥቶ ቄጤማ በእቅፍ ይገዛል፤ ሳሎን ይጎዘጎዛል። ከደጅ የተባረረ ሣር በገንዘብ ተገዝቶ ምንጣፍ ላይ ሲተኛ ማንም አይደነቅም። "ያማ ሙጃ ነው፣ ይሄ ቄጤማ ነው" ይባላል፤ እውነትም ልዩነት አለው፤ ቄጤማ ከረግረግ ይመጣል፣ መልካም ሽታ አለው። ከዚህ የሚበልጠው ልዩነቱ ግን የተገዛ መሆኑ ሳይሆን አይቀርም።

ልጃገረዶቹ አበባውን ከየት አመጡት? ይህ ሊጠየቅ የሚገባው ነው። ከተላጩት ግቢዎች አይደለም፤ እዚያ አንድም አልቀረም። ከመንገድ ዳር፣ ከእርሻ ድንበር፣ ከወንዝ አፋፍ፣ ግንባታው ቆሞ ሁለት ክረምት ካለፈው ባዶ ቦታ። ከአድባራቱ ቅጥር አካባቢም አለ። ጎጃም ላይ የቤተ ክርስቲያን ቅጥር እነ ጽድ፣ እነ ወይራ፣ እነ ኮሶ ሳይቆረጡ የቆዩበት ስፍራ ነው፤ "ሣሩ በዛ" ብሎ በየዓመቱ ማጭድ ይዞ የሚዘምትበት የለም። ቀድሞ መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ የዛሬ ስሟን የወሰደችውም ከእንዲህ ያለ ቅጥር፣ ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው።

ሌላው የአበባ ምንጭ ከየሰፈሩ የማይጠፋው ሰነፍ ጎረቤት ነው። በነሐሴ ስሙ ይነሳል። "ሥራ ለሰሪው፣ እሾህ ለአጣሪው" እየተባለ በቡና ላይ ይተረትበታል፤ ሙጃው አጥሩን አልፎ ወደ መንገድ ወጥቷል፤ እባብ ይገባበታል ይባላል። እሱ ዝም ነው። አንዳንዴ ስንፍና ይሆናል፤ አንዳንዴ የወገብ ሕመም፤ አንዳንዴ ደግሞ ማጭድ አበድሮ መልሶ ያላገኘ ሰው ነው። ጳጉሜን ስታልቅ ያ ሁሉ የታማ ጓሮ በአንድ ሌሊት የተለወጠ እስኪመስል ቢጫ ይሆናል። የሰፈሩ ልጆች በሙሉ ወደ እሱ አጥር ይሮጣሉ። ያሙት እናቶችም ልጆቻቸውን ይልካሉ፤

"በሉ ሂዱና ጋሼን በትሕትና ጠይቁ፤ ትንሽ ስጡን በሉ።"

ጋሼም ከበረንዳው ሳይነሳ "ግቡ ልጆቼ፣ እንዳትረጋግጡት ብቻ" ይላል፤ ክረምቱን ሙሉ ሲንከባከበው የከረመ ይመስል።

መስቀል ሲደርስ ደግሞ ፍላጎቱ ይጨምራል። ደመራው ጫፍ ላይ አደይ የሌለው ችቦ መደመር ያሳፍራል፤ በዚያ ሰሞን ከከተማ መውጣት የቻለ ሁሉ ወደ ገጠሩ ይወጣል። እዚያ ሌላ ችግር ይገጥማል። በመስከረምና በጥቅምት የጎጃም ሜዳ ላይ ቢጫ የሆነ ሁሉ አደይ አይደለም። ኑግ አለ፤ መጭ አለ። ሦስቱም ከአንድ ሰፊ ቤተሰብ የሚመዘዙ ናቸው፤ ኑግና መጭ እንዲያውም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። አርሶ አደሩ መጭን ከማሳው ሲነቅል ይኖራል፤ ኑግን ደግሞ ራሱ ይዘራዋል። ከአዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር የመጣው ወጣት ግን መኪናውን አቁሞ የሚያየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቢጫ። ማሳው መሐል ገብቶ ፎቶ ይነሳል፤ እጁን ይዘረጋል፤ "በአደይ አበባ መሐል" ብሎ ይለጥፋል። ከድንበሩ ማዶ የቆሙት አዛውንት መጀመሪያ ይታገሣሉ።

"ልጀ፣ እሱ ኑግ ነው።"

"ይቅርታ አባባ፣ አበባ ብቻ ነው የምወስደው።"

"አበባው እኮ ነው ዘይቱ። እየረገጥኸው ነው።"

ይህን ሁሉ ሳይለይ የሚሠራበት ንብ ብቻ ነው። ኑግም ሆነ፣ መጭም ሆነ፣ አደይም ሆነ፣ ከመስከረም ጀምሮ ወደ ቀፎ ያግዛል፤ የደጋው ዋናው ማር የሚቆረጠውም ከዚህ የአበባ ሰሞን በኋላ፣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ግቢውን ያስላጨው አባወራ ያን ጊዜ ገበያ ወጥቶ "የምን አበባ ማር ነው?" ብሎ አጥብቆ ይጠይቃል። "የአደይ ነው" ካሉት ሳይከራከር ይገዛል። ሦስተኛ ክፍያው መሆኑ ነው።

ኅዳር ሲነሳ ደግሞ የጽዳቱ ዕዳ ይመጣል። በነሐሴና በጳጉሜን የታጨደው ሁሉ "ሲደርቅ ይቃጠላል" ተብሎ ጓሮ ጥግ ተከምሮ ነበር። መስከረም ዘነበበት። ጥቅምት ረሳው። ዶሮዎች ጎጆ ሠሩበት። የሚታወሰው ኅዳር 12 ዋዜማ ነው። በ1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው ኢንፍሉዌንዛ ኢትዮጵያ ገብቶ ብዙ ሰው ከፈጀ ወዲህ ይህ ቀን ቆሻሻ ተሰብስቦ የሚቃጠልበት፣ ኅዳር የሚታጠንበት ቀን ሆኗል። ያኔ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ራሳቸው ታመው ድነዋል። ከመቶ ዓመት በላይ አልፎም ደብረ ማርቆስ በዚያ ቀን በጭስ ትሸፈናለች፤ አንድ ሰው የቤቱን ጭስ ከጎረቤቱ ጭስ ለይቶ ማወቅ ይቸግረዋል።

አባወራው ጠዋት ተነስቶ ክምሩን ለማምጣት ወደ ጓሮ ይገባል። በአጥሩ ሥር ማጭዷ ያልደረሰችበት አንድ ክንድ የሚያህል መሬት አለ፤ አረሙ እዚያ አብቦ፣ አርጅቶ፣ ደርቆ ቆሟል። በዚያ በኩል ሲያልፍ አያየውም። ክምሩን ተሸክሞ መጥቶ እሳት ከለኮሰ በኋላ ሱሪውን ሲያይ ከጉልበቱ በታች በጨጎጊት ዘር ተወግቷል። የጨጎጊት ዘር ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የተመለሱ ትናንሽ እሾሆች አሉት፤ ጨርቅ ከያዘ በማራገፍ አይለቅም፤ አንድ በአንድ መንቀል ነው። ጭሱ ዓይኑን እያስነባው፣ አንድ እግሩን ድንጋይ ላይ አሳርፎ ይነቅላል። እየነቀለ ወደ ጎን ይጥላል።

ባለቤቱ ከማዕድ ቤት በር ላይ ቆማ ስታየው ቆየች።

"አንተ ሰው፣ ለከርሞ እየዘራህ ነው እንዴ?"

"ሱሪየን እያጸዳሁ ነው።"

"እሱንማ አየሁ። በል ስትጨርስ ማጭዷን ለእትዬ መልስላቸው፤ ከቡሄ ጀምሮ እኛ ቤት ናት።"